እንግዳው እስኪመጣ

ኅዳር 9

የሆቴል መጋረጃ ስቆርጥ ዋልኩ። ከባድ፣ አረንጓዴ ጨርቅ። አውራ ጣቴ ተላጠ። ባለሱቋ መጥታ ጠርዙን አየችና "ጨርቁ ነው ጠማማው፣ አንቺ አይደለሽም" አለች። ሙገሳ ነው? ሙገሳ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ቤት ስገባ ብሎን መጥቷል። የወንድምጋሼ የሥራ ሸሪክ። ኮምፒውተር ጥገና ቤቱን አብረው ነው የከፈቱት። ሲሠራ ብሎን በከንፈሩ ይይዛል፣ ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል። አዲሱ ሲስተም ሊወጣ ነው አሉ... ያ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ እሱ ላይ የሚቆመው፣ የኮምፒውተሩ መሠረት። ወንድምጋሼ ድሮም እንዲህ ነው። ሰው ዋንጫ ሲጠብቅ እሱ ይኼን ይጠብቃል። አዲስ በወጣ ቁጥር ሱቁን ዘግተው እንደ አራስ ልጅ ከበውት ይውሉ ነበር።

ዘንድሮ ግን ሌላ ነው። ገና በሩን ሳልዘጋ ብሎን "በዓይን ይጽፋል!" አለኝ። "ተጨማሪ ዕቃ የለ፣ ምን የለ! ካሜራው ዓይኑን ይከተላል። ፊደሉን ትክ ብሎ ሲያየው ይጻፋል።"

እዚህ ደብተር ላይ ስለ ሕመሙ ጽፌ አላውቅም። ለምን? ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ ይሆን... መጀመሪያ እግሩ ሄደ። ቀጥሎ እጁ። ቀጥሎ ድምፁ። የቀረችው የቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ናት። በሷ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ይጽፋል፣ እኛ ከስክሪኑ እናነባለን። እማዬም በመነጽሯ ተጠግታ ታነባለች።

ዛሬ ጣቱ ቀስ ብላ ሄደች፣ ቆመች፣ ደግሞ ሄደች። "ጭራ፣ አፌ ሊመጣልኝ ነው።"

ጭራ እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ ከኋላው ስለማልጠፋ።

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። "ማነው የሚመጣው?"

"እንግዳ ነው እማማ" አላት ብሎን።

"ታዲያ ቀድማችሁ አትነግሩኝም? ቤቱ እንዲህ ተዝረክርኮ!"

ከዛሬ ጀምሮ ስሙ እንግዳው ሆነ።

ኅዳር 17

ሐኪም ቤት ነበርን። ሐኪሟ ጣቱን ይዛ "እስቲ ግፋኝ" አለችው። ገፋት። "ጎበዝ" አለች። ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ስታገኘኝ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ጣቱ ብዙ አይቆይም። ዓይኑ ግን ይቆያል። "የዚህ ሕመም ደግነቱ ይኼ ነው፣ ዓይንን አይነካም።"

ደግነቱ!

እንግዳው የካቲት ላይ ይመጣል ብለዋል። ጣቱ እስከዚያ ትጠብቀዋለች? ማን ማንን ይጠብቅ...

ታኅሣሥ 2

"እማዬ" ብሎ ለመጻፍ ደጋግሞ ተሳሳተ። በዓይኑ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ታኅሣሥ 11

ብሎን ፊቱን ጥሎ መጣ። እንግዳው የእኛን ኮምፒውተር አይቀበልም። አርጅቷል፣ ውስጡ የሚፈለገው ቺፕ የለም። ይሆን እንደሆነ የሚፈትሽ ትንሽ ፕሮግራም አስቀድመው አውጥተዋል፤ ቢያስገባው ገና ከበሩ መለሰው።

እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችው። "እንግዳ ቤት ይመርጣል እንዴ? ምን ዓይነት ያላሳደጉት ነው?"

ወንድምጋሼ ጻፈ፦ "እማዬ ትክክል ናት።"

ብሎን ሱቅ ውስጥ የወዳደቁ አሉ፣ ከነሱ እገጣጥማለሁ አለ። የአንዱን አንጎል፣ የሌላውን ሆድ... "ከሙታን አንድ ሕያው እሠራለሁ።" ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። ወንድምጋሼን አየው። ወንድምጋሼ "ለኔም ሞክርልኝ" ብሎ ጻፈለት። ብሎን እንባ እስኪወጣው ሳቀ። ከሳቁ በኋላም እንባው አላቆመም፣ ቶሎ ሄደ።

ጥር 6

ማሽኑ መጣ። ጎኑ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ጠዋት ስነሳ እማዬ የመጋረጃ ቁራጭ ደርባበታለች። ብሎን ሲመጣ ጨርቁን ገፎ ጮኸ። "እማማ! ሊቃጠል ነበር እኮ!"

"ሲንቀጠቀጥ አይቼ የበረደው መስሎኝ ነው።"

ወንድምጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጉንጩ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሳቁ ነው። የቀረችው ሳቅ ይቺ ናት።

ጥር 21

ተራዘመ።

ብሎን ሊነግረን መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። "ግባ እንጂ" ብትለው እማዬ አይገባም። በመጨረሻ አወጣው። ጉድለት ስላገኙበት ወደ ሚያዝያ አዛውረውታል።

ሚያዝያ! ማንን አማክረው ነው? ድስት ጣድኩ፣ አወረድኩ፣ ደግሞ ጣድኩ። ወንድምጋሼ ጠራኝ። መጥራቱ እንዲህ ነው፤ አንዱን ፊደል ደጋግሞ ሲነካው ኮምፒውተሩ ይንጫጫል። ሄድኩ። "ልክ ናቸው" ብሎ ጽፏል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

"ላንተ አይደለም እንዴ የምናደደው? ምን ትከራከርላቸዋለህ?"

ጣቱ ብዙ ቆየች። "እኔም ብሆን አላወጣውም።"

ሰው እየሰመጠ ጀልባ ሠሪውን ያመሰግናል?

የካቲት 3

ጣቱ ቆመች።

ማታ "ሬዲዮው ይቀነስ" ብሎ ጽፎ ነበር። ጠዋት እጁን ቦታው ላይ አስቀመጥኩለት። ጠበቅኩ። ምንም የለም። አሻሸሁት። ዘይት ቀባሁት። እማዬ "እንቅልፍ ይዟት ይሆናል" አለች፣ ስለ ጣቲቱ። ምንም።

የመጨረሻው መሆኑን ባውቅ ምን አደርግ ነበር? አላውቅም። ሬዲዮውን ቀነስኩለት፣ በቃ።

የካቲት 9

ብሎን ያገኘውን ሌላ ፕሮግራም ሁሉ ጫነ። አንዱም ዓይኑን በደንብ አይለይም። ስለዚህ ወደ ወረቀት። ካርቶን ላይ ፊደሉን ሁሉ ጽፌ አልጋው ፊት ለፊት ሰቀልኩ። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይጠቅሳል። ሀ ቤት? ለ ቤት? መ ቤት... ጠቀሰ። ግዕዝ? ካዕብ? ሣልስ? ጠቀሰ። ፊደላችን ብዛቱ! ልጅ ሆኜ በዜማ ስቆጥረው ደስ ይለኝ ነበር። አሁን እንደ ዳገት ነው። አንዲት ቃል ስናወጣ ያልበዋል። ውሃ ሊለኝ ሲጀምር ውሃውን አመጣሁ፣ ለካ "ውጪ ምን አለ" ሊለኝ ነበር።

እማዬ ሞከረች። ጥቅሻው ቀጭን ነው፣ ዓይኗ ደግሞ ደክሟል። የስክሪኑን ትልልቅ ፊደል ታያለች፣ ይኼን ግን አታይም። ያልጠቀሰውን ጠቀሰ ትላለች። ተወችው። አሁን አጠገቡ ቁጭ ብላ ታወራለታለች፣ መልሱንም ራሷ ትመልሳለች። "ጎረቤታችን በር ቀየሩ። 'ምን ዓይነት?' የብረት ነው። 'ይኼ ሁሉ ምን ይሰረቅብኛል ብለው ነው?' እኔም እሱን ነው ያልኩት..."

በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት።

የካቲት 26

ስለ እንግዳው የተጻፈው ወረቀት ወጣ፤ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል። ብሎን ቁጭ ብሎ አነበበልን። በዓይን የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ተደርድረዋል። ብሎን ወደ ታች ወረደ። ወደ ላይ ተመለሰ። እንደገና ወረደ።

"የለንም" አለ።

"እንዴት የለንም? ፊደላችን እኮ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። እስከ ትናንት ሲጽፍበት የነበረው ምንድነው?"

"በጣት አለ። በዓይን የለም።"

ጣት ላለው ፊደል አለው። ዓይን ብቻ የቀረው የለውም። ይኼን ያወጣው ሰው ክፉ አይደለም አለ ብሎን፣ አላሰበንም እንጂ። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የምሰድበው ሰው አገኝ ነበር።

ካርቶኑ ጋ ሄድን። ብዙ ቆይተን አወጣነው፦ "በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፋለሁ።" ቋንቋው የእኛ፣ ፊደሉ የነሱ። ሰው በስልክ መልእክት እንደሚጻጻፈው።

እማዬ ሁላችንንም በየተራ አየችን። "እኔስ? እኔ እሱን አልቆጠርኩ።"

"እኔ አነብልሻለሁ" አልኳት።

ሚያዝያ 5

መጣ!

እማዬ ከማለዳው ቤቱን ጠራርጋ የክት ልብሷን ለብሳለች። ከባለሱቋ ፈቃድ ጠየቅኩ። "ምን ሊመጣ ነው?" አለችኝ። "እንግዳ" አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል?

መውረድ፣ መጫን፣ ማጥፋት፣ ማብራት... ብሎን በከንፈሩ የያዛቸውን ሦስት ብሎኖች አኘካቸው ማለት ይቻላል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ መጣች። እሷን በዓይንህ ተከተል ይለዋል። ነጥቧ ወደ ጥግ ሄደች፣ ዓይኑ ሄደ። ወደ መሀል፣ መጣ።

ከዚያ ጻፈ። ፊደል፣ ፊደል፣ ፊደል። አነበብኩ። "ብሎን... መታ...?"

"ማነው የመታህ?" ብላ እማዬ ብሎን ላይ ዞረች።

"ኧረ በሕግ! መቼ ነው የመታሁት?"

ወንድምጋሼ ዓይኑን አንከራተተ። ለካ "ብሎን፣ መጣልኝ" ለማለት ነው፣ ገና አልጨረሰም። የነሱ ፊደል ለ'ጠ'ም ለ'ተ'ም አንድ ነው። ለ'ቀ'ም ለ'ከ'ም እንዲሁ። ሳቅን፣ ስንት ጊዜ ሆነን እንዲህ ከሳቅን! እማዬ መሀላችን እየተሽከረከረች "ምን አለ? ምን አለ? ንገሩኝ እንጂ!"

ቀጥሎ ለእሷ ጻፈ። አነበብኩላት። "እማዬ፣ ስታወሪልኝ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ላቋርጥሽ አልፈለግኩም እንጂ።"

የክት ልብሷን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች።

ሚያዝያ 14

እንግዳው ብዙ አመል አለው። ወንድምጋሼን በጎኑ ባዞርነው ቁጥር ነጥቧን እንደገና መከተል አለ። ዓይኑ እንባ ካቀረረ ፊደሉ ያመልጣል። ማሽኑ ከጋለ ይፈዛል። ወንድምጋሼ ግን ደስ ብሎታል... ጉድለቱን እየለቀመ ለሠሪዎቹ ያስልካል። እኛን የሚያናድደን እሱን ያዝናናዋል። "ሥራ አገኘሁ" አለኝ። መልስ መጣለት፦ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ማሽን የጻፈው ነው አለ ብሎን። ወንድምጋሼ ግን እንዳነበበው ሌላ ጉድለት ጻፈ።

ሚያዝያ 28

ሐኪሟ እቤት መጣች። ደረቱን ብዙ አዳመጠች። ትንፋሹ እየደከመ ነው። ሆስፒታል ከገባ ጉሮሮው ተከፍቶ ቧንቧ ይገባለታል፣ ማሽን ይተነፍስለታል። ካልገባ... "ካልገባ እናንተም ታውቃላችሁ። ቧንቧው ከገባ ግን ወደ ቤት መመለሱን ቃል አልገባላችሁም። እሱን ጠይቁት። ውሳኔው የሱ ነው።"

እማዬ የሰማችው "ማሽን ይተነፍስለታል" የሚለውን ብቻ ነው። እስከ በሩ ሸኝታት ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። "አየሽ? አለ ማለት ነው። መድኃኒት አለ!"

አላረምኳትም።

ግንቦት 1

ይኼን የምጽፈው ሁሉም ከተኙ በኋላ ነው።

ከራት በፊት። እማዬ አንሶላና ፒጃማ ለሆስፒታል ስታጣጥፍ ነበር። ወንድምጋሼ መጻፍ ጀመረ። "ሆስፒታል አት..." ስክሪኑ ጨለመ። ከዚያ ሰማያዊ። ኮምፒውተሩ ራሱን እያደሰ ነው፣ እንዳታጠፉት ይላል። አሁን! ከስንት ሰዓት መካከል አሁን!

"ምን ሊል ነበር?" አለች እማዬ።

"እንጃ።"

አውቄዋለሁ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲጨምር ቆመን አየን። እሱም ያያል። አረፍተ ነገሩን ጉሮሮው ላይ ይዞ። ማሽኑ ሲመለስ ነጥቧን ተከተለ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ። "ሆስፒታል አትውሰዱኝ። ቧንቧውን አልፈልግም። እዚሁ ከናንተ ጋ። ለእማዬ አንብቢላት።"

እማዬ የታጠፈውን ፒጃማ ደረቷ ላይ ይዛ ትጠብቃለች።

ከዚያ የሆነ ሰው በኔ አፍ ተናገረ፦ "ደከመኝ፣ ልተኛ ይላል።"

"ተኛ የኔ ጌታ" አለችው።

ወንድምጋሼ አየኝ። ማየት ብቻ ነው ያለው፣ እሱን በሙሉ ተጠቀመበት።

ግንቦት 2

ጠዋት ለኔ ብቻ ጻፈ። "ጭራ። ያላልኩትን አትበዪ።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ለመንኩት። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። እማዬ ትሞትብኛለች። አንተስ ለምን አትሞክረውም? ቧንቧም ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ ኑርልን...

"ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ማሽን ሆኜ?"

ለእማዬ ብዬ ነው የዋሸሁት? ወይስ ለራሴ?

ግንቦት 8

በየቀኑ ያንኑ ይጽፋል። በየቀኑ ሌላ አነባለሁ። "ትራሱን አስተካክዪልኝ ይላል።" "ዝናቡ ደስ ይላል ይላል።" ፊደሉ ግልጽ አይደለም እላለሁ፣ 'ጠ'ና 'ተ' ተደባልቆብኝ። እሱ ከትናንቱ ይበልጥ አጥርቶ ይጽፋል። ቃላቱን አለያይቶ፣ ለደካማ ተማሪ እንደሚጻፍ።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ እችለው ነበር።

ሥራ ቦታ የአንዲት ደንበኛ መጋረጃ አሳጥሬ ቆረጥኩ። ባለሱቋ መቀሱን ከእጄ ወሰደችና "ዛሬ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ" አለችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም።

ግንቦት 15

ከሥራ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። የእማዬ ድምፅ። እንደ ተማሪ ይጎተታል። "አ... ት... ው... ሰ..." ይቆማል። "ይቺ ምን ነበረች?" የብሎን ድምፅ፦ "ዱ፣ እማማ።" "...ዱ... ኝ።"

በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑ ጋ ተጠግታለች። ጭኗ ላይ ካርቶን። ብሎን በአንድ በኩል የነሱን፣ በሌላ በኩል የኛን ፊደል ጽፎላታል። እኔ ሥራ ስውል እሱ በምሳ ሰዓቱ እየመጣ ሲያስተምራት ከርሟል። በዚህ ዕድሜዋ ፊደል ቆጠረች! ለምን? "ልጄ ስትሠራ ስትደክም ውላ ትመጣለች፣ ሁልጊዜ አንብቢልኝ ማለት አፈርኩ" ብላው ነበር፣ ብሎን በኋላ ነገረኝ።

ዞራ አየችኝ። ታውቃለች። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግኩ። የለም። ብሎን ጃኬቱን ይዞ ወጣ።

"መቼ ነው የጻፈው?" አለች።

"ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ማራገቢያው ብቻ ይጮሃል። "እኔን ብለሽ ነው። አውቃለሁ። እናት ነኝ፣ አይችል መስሎሽ ነው ሆዴ። ግን ልጄ... የልጄን አፍ አትዝጊብኝ።"

ወለሉ ላይ ወደቅኩ ልበል? ተቀመጥኩ ልበል? ጉልበቷ ላይ ነበርኩ። ወንድምጋሼ ከላያችን አንድ ነገር ጻፈ። ሁለታችንም ቀና አልን። ቀድማኝ ማንበብ ጀመረች፣ ተውኳት። "አ... ት... ቆ..." ቀ ትሁን ከ አልለየችም። "አትቆጪያት።"

ግንቦት 16

የሆስፒታሉን ሻንጣ ፈታች። ፒጃማውን መልሳ መሳቢያ ውስጥ አደረገች። አንሶላውን አልጋው ላይ አነጠፈችለት። ከዚያ ፊቱ ጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ያልከው ይሁን" አለችው። "እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ። ተኝቼ ሳለ እንዳትሄድብኝ።"

ዓይኑ ፊደሎቹ ላይ ረጅም መንገድ ሄደ። እሷ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች ተከተለችው። እኔ አፌን በእጄ ይዣለሁ። "መ... ቼ... ተኝ... ተሽ... ታው... ቂያ... ለሽ?"

ገባት። ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። እሱ ጠበቃት።

ሰኔ 3

ዛሬ ማለዳ። እማዬ ነቅታ ነበር።

ሰኔ 19

ቤቱ ሰው ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። አሁን ጸጥ ብሏል።

ብሎን መጥቶ ማሽኑን አበራው፣ የወንድምጋሼን ጽሑፎች ሊያወጣልን። ማራገቢያው ሲጮህ እማዬ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ሮጣ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመች።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። መነጽሯን አደረገች፣ ተጠጋች፣ ፊደሎቹን ጮክ ብላ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ቋንቋው የኛ አይደለም። "አነበብኩት፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ምን ይላል?"

ብሎን አንገቱን ደፋ። እኔን አየችኝ።

"ዓይን አላገኘሁም ይላል፣ እማዬ።"

"ልክ ነው" አለች። ስክሪኑን በእጇ ዳበሰችው፣ አቧራ እንደምትጠርግ። "ልክ ነው። የለም።"

ሰኔ 27

ብሎን አንድ ጡረተኛ ሹፌር አለ አለን። ያው ሕመም። ጣቶቹ ካቆሙ ሰንብተዋል። ያሉት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

እማዬ የጎረሰችውን እንኳ አልዋጠችም። "ታዲያ ይኼ ማሽን እዚህ ማንን ይጠብቃል? ውሰድለት!" ትንሽ ቆይታ "ቆይ፣ እኔም እመጣለሁ።"

ሐምሌ 5

የሹፌሩ ቤት ነበርን። ጠባብ ደረጃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ብሎን ማሽኑን ተሸክሞ በየማረፊያው ያለከልካል። እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ከፊታችን ወጣች።

ሚስትየው እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች አስገባችን። ሰውየው ትልቅ ሰውነት ነበረው፣ አሁን አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ፊቱ ወደ መስኮቱ። መስኮቱ ተዘግቷል።

ብሎን ገጣጠመ። ሰውየው ነጥቧን ተከተለ። ሚስትየው የፊደል ገበታውን ስታይ ፊቷ ወደቀ። "በእኛ ፊደል አይሆንም?"

"በሚቀጥለው ሲጨምሩት ነው እንግዲህ" አለ ብሎን። "ሊጨምሩት ይችላሉ እየተባለ ነው።"

"እስከዚያ ሰውየው ዝም ይበል?" አለች እማዬ። ወንበር ስባ ከሚስትየው ጎን ተቀመጠች። ካርቶኗን አወጣች። "ነይ ወዲህ። አትፍሪ፣ እኔም ያስተማሩኝ ትናንት ነው። ይቺ እባብ የመሰለችው 'ሰ' ናት። ይቺ ክብ 'ኦ'። በር የመሰለችው 'ነ'። ይቺን መስቀል የምትመስለውን ተጠንቀቂ፣ 'ተ'ም ናት 'ጠ'ም ናት። እሷን በልብሽ ነው የምታነቢያት።"

መነጽሯን አንዴ አወለቀች። ጠራረገችውና ቀጠለች።

ሰውየው ጻፈ። ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ሚስትየው ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ እማዬ እየረዳቻት፣ ፊደል በፊደል ሄደች። "መ... ስ... ኮ... ቱን..." ቆመች። "ክ... ፈ... ቺው።" እንዳነበበችው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ሰንብታለች ከሱ ቃል ከሰማች።

እማዬ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። "በኋላ ታለቅሻለሽ። ሰውየው መስኮት ክፈቺ ነው ያለሽ። ተነሽ ክፈቺለት።"

ተነሳች፣ ከፈተች። ዝናብ ያጠበው ብርሃን ሰተት ብሎ ገብቶ ሰውየው ፊት ላይ አረፈ። ካሜራው ብርሃን ሲበዛበት ዓይን ይስታል፣ ሳተ። የሚጽፍበት ገበታ ጠፋ። ብሎን መስኮቱን ሊዘጋው ብድግ ሲል እማዬ ክንዱን ያዘችው።

"ተወው" አለች። "ትንሽ ይይ። ፊደሉ የትም አይሄድም።"

ቁጭ አለ። ሁላችንም ሰውየው ውጭውን ሲያይ አየነው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ማንም አንብቢልኝ አላለኝም።